በእብነ በረድ ላይ አሲድ ያፈሰሰች የኬሚስትሪ መምህርት

ቢቸና ላይ ዘጠነኛ ክፍልን ኬሚስትሪ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። አሲድ የኖራ ድንጋይንና እብነ በረድን እንደሚበላ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ተማሪዎቼም ይገለብጣሉ። ይህን ሁሉ እውቀት ይዤ ነው እንግዲህ በገዛ ማድ ቤቴ እብነ በረድ ላይ አሲድ ያፈሰስሁት።

እብነ በረዱን ባለቤቴ ምግብ የምሠራበት መደብ ላይ ያስነጠፈልኝ ቤታችንን ስናድስ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ከማስቀመጤ በፊት ማድ ቤት አስገብቼ አሳይ ነበር። አንድ ቀን በእርድ የተበጠበጠ ዘይት ተደፋበትና ቢጫ ሆኖ ቀረ። በዚያው ሳምንት ደግሞ አማቴ ከሞጣ ሊመጡ ነው። አማቴ ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታው በፊት ዓይናቸው ጥጋጥጉን ዞሮ የሚመለስ ሴት ናቸው።

እድፍ የሚያስለቅቅ ነገር ብጠይቅ፣ ባለሱቁ በውኃ ፕላስቲክ የተቀዳ ስም የለሽ ፈሳሽ አቀበለኝ።

«ምንድን ነው?» አልሁት።

«የሽንት ቤት ነው። ግን ለሁሉም ይሆናል።»

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ወስጄ አፈሰስሁት። ወዲያው እየተንጨረጨረ አረፋ ደፈቀ። በነጠላዬ አፍንጫዬን ይዤ እየሳልሁ፣ ሥራውን ጀመረ ብዬ ደስ አለኝ። ሥራውንስ ጀምሯል። ሳጥበው ቢጫው የለም፤ ወዙም የለም። እጄን ባስኬድበት እንደ ድመት ምላስ ይሻክራል።

ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ጎንበስ ብሎ አየው። «አንቺ የምታስተምሪው ምን ነበር?» አለኝ።

«ሲቪክስ» አልሁት።

ጎረቤቴ ሎሚ እንዳሸው መከረችኝ። ሎሚም አሲድ መሆኑ ትዝ ያለኝ አሽቼ ስጨርስ ነው።

አማቴ የመጡ ቀን አበባ አበባ ላስቲክ አለበስሁት። ማድ ቤት ገብተው ገለጥ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይህን ድንጋይ ፈንጣጣ ይዞት ነበር?»

«ሲመጣም እንዲህ ነበር፣ እማማ።»

በሩን ገርበብ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሞጣ ቤቴን ሊሾ እኔም በዚሁ ጉድ አስበልቼዋለሁ። ለባልሽ ግን ግንበኞቹ ሲሚንቶ ሰርቀው ነው አልሁት። እስካሁን ይረግማቸዋል።»

ስንት ዓመት የፈራኋቸው ሴት ናቸው። ሳቄ አመለጠኝ፤ እሳቸውም ሳቁ።

በማግስቱ ሻካራና ልስልስ የብርጭቆ ወረቀት አስገዙኝ። ሦስት ቀን ውኃ እያፈሰስን ፈተግነው። ሲደክመኝ፣ «ክንድሽን አትቆጥቢ፤ ያን ስታፈሺ መች ቆጠብሽ?» ይሉኛል። ሻካራነቱ ጠፋ፤ ወዙም በመጠኑ ተመለሰ። ሎሚ ያሸሁበት ቦታ ግን እንደ ደመና ሆኖ ቀርቷል።

ባለቤቴ በጣቱ ዳሰስ አድርጎ፣ «እንደ አዲስ ሆነ። እናቴ ባይመጡ ኖሮ ምን ይውጥሽ ነበር?» አለ።

አማቴ ምስር ይለቅሙ ነበር። ቀና አላሉም።

ዛሬ በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ብቻ ነው የማጥበው። ደመናው ላይ የጨው ዕቃ አስቀምጬበታለሁ።