ታጥባ የደረቀች አበባ

እናቴ ያልታጠበ ነገር ቤት አታስገባም። ቁስቋም ባደግንበት ቤት ጎመን ሦስት ውሃ ሳያይ ድስት አይገባም ነበር። ይህን አመል ይዤ ዕፅዋት አድራቂ ሆንሁ። ሥራዬ ከየቦታው የተለቀመ ተክል በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ሲደርቅ ወፍራም ወረቀት ላይ መለጠፍ፣ ስሙንና የተገኘበትን ቦታ ጽፎ መፈረም ነው። የእኔ ወረቀቶች በንጽሕናቸው ይመሰገኑ ነበር። ምን እዋሻለሁ፣ ምስጋናውን እወደዋለሁ።

አንድ ጊዜ ከአዲ አርቃይ በታች፣ ፀሐዩ አናት ወደሚበሳው ቆላ ተላክሁ። እዚያ ድርቁ መሃል ጨው ጨው የሚል ውሃ የቋጠረ ረግረግ አለ። ረግረጉ መሃል የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ሐምራዊ አበባ ትበቅላለች። ዳር ዳሩን ደግሞ በእንፍራንዝ በኩል ከሐይቁ ዳር የምናውቃት ተራ አበባ አለች፤ ሁለቱ ለዓይን ቁርጥ አንድ ናቸው። የተጠየቅሁት የመሃሏ ያችው ተራዋ ናት ወይስ ሌላ የሚል ነበር። ሌላ ከሆነች ከዚህ በቀር የትም አልታየችምና ረግረጉ አይነካም። ያችው ከሆነች ግን ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ይፈስና መሬቱ ለሽንኩርት ይውላል።

ከብቶቻቸውን ጨዋማውን ውሃ ሊያጠጡ የመጡ አንድ ሽማግሌ ስለቅም ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ።

«አንድ አይደሉም እኮ ልጄ» አሉኝ። «የመሃሏን ላሞቹ ይልሷታል። የዳሯን ዞረውም አያዩዋት።»

«ለምን ይመስልዎታል፣ አያ?»

«እኔ ላም ነኝ?»

አብረን ሳቅን። ያሉትን ግን ማስታወሻዬ ላይ አላሰፈርሁትም፤ የላም ምላስ ምን ማስረጃ ይሆናል ብዬ። ማደሪያዬ ስደርስ የመሃሏ ቅጠል ጀርባው ነጭ አቧራ ለብሶ አየሁት። ሳፋ ተዋስሁና አንድ በአንድ፣ እንደ እናቴ ጎመን፣ ሙልጭ አድርጌ አጠብሁት። ሲደርቅ ከተራዋ የሚለየው አንድም ነገር አጣሁ። «ያችው ናት» ብዬ ጻፍሁ፤ እንደ ዋዛ ፈረምሁ።

ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ ቀን አሮጌ ቦርሳዬን ሳራግፍ ከሥሩ አንዲት የደረቀች ቅርንጫፍ ወደቀች፤ ሳትታጠብ የቀረች። ትልቁ አጉሊ መነጽር ሥር አደረግኋት። አቧራ ያልሁት ጨው ነበር። ቅጠሏ ራሷ ያወጣችው ጨው፣ እያንዳንዱ ቅንጣት በአንዲት ቀዳዳ አፍ ላይ ተቀምጧል። ተራዋ አበባ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የላትም። ባጠብኋቸው ላይ ቀዳዳው ከቅጠሉ ጋር ተጨማዶ ጠፍቷል። የመሃሏ ሌላ ነበረች።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ተመልሼ ሄድሁ። ረግረጉ የለም። ያለው ቦይና የተሰነጣጠቀ መሬት ነው፤ የተባለው ሽንኩርት እንኳ ጨው አቃጥሎት ገርጥቷል። ሽማግሌውን ከአንዲት ላም ጋር አገኘኋቸው።

«ምነው፣ ያን ጊዜ ያልሁሽን አልጻፍሽውም?»

የተረፈች ካለች እንፈልጋት ብዬ ለመንኋቸው። ላሟን አስቀድመን በቦዩ ጫፍ ጫፍ ሄድን። ለቁስቋም ማርያም ተሳልሁ፤ አንዲት ሥር ብቻ፣ አንዲት ብቻ እያልሁ። ላሟ ቆመች፣ አጎንብሳም መላስ ጀመረች። ሐምራዊ ሳይ ጮህሁ። ሽማግሌው ገመዱን ሳብ አደረጉ።

«አትቸኩይ። ውሃው ከደረቀ ወዲህ ያገኘችውን ሁሉ ነው የምትልስ፤ ድንጋይም ሳይቀር።»

ቅጠሏ በላሟ ምራቅ ታጥባለች። እኔ እንዳጠብኋቸው ንጹሕ ሆናለች።

«እሷ ከሆነች ፀሐይ ሲመታት መልሳ ትነጣለች» አሉኝ።

ጥላ በሌለበት ተቀምጠን ጠበቅን። በየደቂቃው ጎንበስ እያልሁ አያለሁ። አንዴ ነጭ ነገር አይቼ ልቤ ዘለለ፤ ነፋስ ያመጣው የሽንኩርት ልጣጭ ነበር። ቀትር አለፈ፣ ፀሐይዋ ዘመመች፤ ቅጠሏ ያው አረንጓዴ ናት።

«ለመሆኑ ያኔ ጨዉን ሳታዪው ቀረሽ?» አሉኝ።

«አይቼዋለሁ። አጥቤ ደፋሁት።»

«ምነው?»

«ሸጋ እንድትሆን ብዬ።»

ቅጠሏን በሁለት ጣታቸው አሽተው ጣታቸውን ወደ አፋቸው አደረጉ። ቀመሱና «ጨው የላትም» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ የላሟን ገመድ ይዘው ሄዱ።