ጭስ የሌላት መርከብ እና የአባቴ ደብተር

ባለፈው ሳምንት ቁም ሳጥን ሳራግፍ የአባቴ ደብተር እጄ ገባ። በጋዜጣ የተሸፈነ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው ደብተር ነው። ስከፍተው ናፍጣ ናፍጣ ሸተተኝ፤ ወይም የሸተተኝ መሰለኝ። የኔ ዕድሜ ሰው በጋዜጣ የተሸፈነ ደብተር ሲያይ ትምህርት ቤቱን ያስታውሳል፤ ጠመኔውን፣ ሰልፉን፣ የደወሉን ድምፅ። እኔ ግን አባቴን እንዴት እንደገደልኩት አስታወስኩ። አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ የሚለኝ ካለ፣ እስከ መጨረሻው ያንብብና ይፍረድብኝ።

አባቴ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል የሞተር ሠራተኛ ነበር። ገና ወጣት ሳለ አንዲት የፈረንጅ የጦር መርከብ ለእንግድነት ወደቡ ገባች። ክሩዘር ይሏታል፤ የምትሄደው በኒውክሌር ኃይል ነው። ውሎው ናፍጣና ጥላሸት የሆነ ልጅ፣ ጭስ የማይወጣት መርከብ ሲያይ ዓይኑን ማመን አቃተው። ከጓደኞቹ ጋር ተጋብዞ ወጣባት። ማዕድ ቤቷን ሳይቀር አስጎበኟቸው። ሞተሩ ካለበት ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ወታደር በፈገግታ መለሳቸው። ያቺ በር አባቴን ዕድሜ ልኩን ስታንገበግበው ኖረች።

ደብተሩን የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ጦር ሰፈሩ ከሚደርሱ የውጭ መጽሔቶች ስለ መርከቧ ያገኘውን ሁሉ ከነቀኑ ይገለብጥ ነበር። የት እንደተሠራች፣ መቼ ውሃ ላይ እንደወረደች፣ ነዳጅ ሳትቀዳ ስንት ውቅያኖስ እንዳቋረጠች፣ የትኛው ጦርነት እንደጠራት፣ አዛዦቿ መቼ እንደተለዋወጡ። እኛ ቤት ልጅ ጸሎት ከመልመዱ በፊት የመርከቧን ታሪክ ነበር የሚለምደው። ስሟን አይጠራም፤ "እሷ" ነው የሚላት። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ሴት ያለችው መስሏት ነበር ብላ ስቃ ነግራኛለች።

መንግሥት ሲለወጥ ባሕር ኃይሉ ተበተነ። አባቴ አንዲት ሻንጣ ይዞ የእናቴ አገር አዳማ ገባ። ያኔ አራት ዓመቴ ነበር። ጅቡቲ መንገድ ዳር ጋራዥ ተቀጠረና ቀኑን ሙሉ የከባድ መኪና ሆድ ሥር ተኝቶ ይውል ጀመር። አንዴ ባቱ ሐይቅ ወስዶን ነበር። ጋሪ ተሳፈርን፣ የዓሣ ጥብስ በላን። እኔ በደስታ ስንቦጫረቅ እሱ ጣቱን ውሃው ውስጥ ነክሮ ቀመሰና "ጨው የለውም" ብሎ ፊቱን አዞረ። ሌላ ጊዜ አልወሰደንም። መጽሔት የለ፣ ወሬ የለ፤ ደብተሩ ስንት ዓመት ሳይጻፍበት ተቀመጠ። አባቴም ሰው መሆኑ ቀረ ማለት ይቻላል። ምሳ ላይ ሬዲዮ ከፍቶ የሰባት ሰዓቱን ዜና ይሰማል፤ ዜናው ስለ ማዳበሪያና ስለ ስብሰባ ነው። ሲያልቅ ዘግቶት ወደ ጋራዡ ይመለሳል።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ፣ አንድ ቀን ዘግይቶ መጣና ዜናው አመለጠው። እጁን እየታጠበ፣ መልስ እንደማይጠብቅ ሰው፣ ስለሷ ያሉት ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አዎ፣ ካራቺ ገብታለች አሉ አልኩት። ካራቺን ያገኘኋት ከጂኦግራፊ መጽሐፌ ነው። አባቴ እጁን ሳያደርቅ ደብተሩን አወጣ። የዚያን ዕለት ወጥ ይጨመርልኝ አለ፣ እናቴን ቀለደባት፣ እያፏጨ ወጣ። ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! በየሳምንቱ አንድ ወደብ እሰጠዋለሁ፤ ኮሎምቦ፣ ሲንጋፖር፣ ሞምባሳ። የልጅ ነገር፣ ይበልጥ ደስ እንዲለው ብዬ መርከቧን ወደኛ አስጠጋኋት። ኤደን አደረስኳት። ከኤደን ወዲያ ወዴት ልውሰዳት? ጅቡቲ ልትመጣ ነው፣ ሕዝብ ይጎበኛታል አልኩት።

ጻፈና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እሄዳለሁ" አለ።

እናቴ "ያ ረቢ! በዚህ ሳንባህ?" አለችው። እውነቷን ነው፤ የሞተር ክፍሉ ጭስ ሳንባውን ጨርሶት ትንሽ ሲራመድ ያፍነው ነበር። እሱ ግን ማንን ሰምቶ! ጎረቤታችን ጋሽ ከድር የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ የወሎ ሰው፣ እምቢ ማለት የማያውቅ። ረዳቴ ነው ብዬ አሳልፈዋለሁ አለ። እናቴ ሦስት ቀን አኮረፈች። እኔ ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለኝ።

የሚሄድበት ቀን ጠዋት ነጩን የባሕር ኃይል ልብሱን ከሻንጣው አውጥቶ በከሰል ካውያ ተኮሰ። ለብሶት አይቼው አላውቅም። ከስቶ ስለነበር ቀበቶው ላይ በሚስማር ሁለት ቀዳዳ ጨመረ። ጋሽ ከድር ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። አባቴ ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝና "በሩን እንዲከፍቱልኝ እለምናቸዋለሁ። ሞተሩን አንድ ጊዜ ልየው እንጂ፣ ከዚያ በቃኝ" አለኝ። ዋሽቼ ነው ማለት ነበረብኝ። ሌላ ምንም አይፈለግም ነበር። ዱላ ፈርቼ አይደለም፤ አባቴ መትቶኝ አያውቅም። የፈራሁት ያ የፈካ ፊቱ ሲጠቁር ማየት ነው። መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሄደ።

በዘጠነኛው ቀን ጋሽ ከድር ደግፎ አወረደው። ነጩ ልብስ ቡናማ ሆኗል። ጋሽ ከድር ለእናቴ ሲነግራት ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። አባቴ ሦስት ቀን ሙሉ በዚያ ሐሩር የወደቡ አጥር ሥር ቆሟል። ጥላ ሥር ና ቢሉት፣ ስትገባ ታመልጠኛለች ብሎ እምቢ አለ። "ወላሂ፣ እሱ የሚላት መርከብ አልመጣችም። የወደቡ ሰዎችም ሰምተንም አናውቅ ነው ያሉን። ማን እንደነገረው እንጃ" አለ። በአራተኛው ቀን ወድቆ አገኙት።

በማግስቱ አባቴ ጠራኝ። እስክሪብቶ መያዝ አቅቶት ስለነበር ደብተሩን አምጥቼ እኔ እንድጽፍ አዘዘኝ። ተነፈሰ፣ አረፈ፣ ደግሞ ተነፈሰ።

"ጅቡቲ ገብታለች በይ። በሩን ከፈቱልኝ፣ ሞተሩን አየሁት በይ" አለ።

ዓይኑን ከዓይኔ ላይ አልነቀለም። ጻፍኩ። እሱ እየዋሸ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ መዋሸቴን ይወቅ አይወቅ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ለኔ አዝኖ ይሆን? ወይስ ለራሱ፣ በሩ እንደተዘጋበት መሞት ጨንቆት? ጠይቄ መረዳት እችል ነበር፤ አልጠየቅኩም። መስከረም ሳይጠባ ሞተ። ሐኪሙ ሳንባው ነው አለ። እናቴ የጅቡቲ ሙቀት ነው አለች። እኔን ማንም አላነሳኝም፤ ይህ ነው የሚያቃጥለኝ።

አሁን አዳማ ሌላ ከተማ ናት። ጋራዡ የነበረበት ቦታ ፎቅ ቆሞበታል፤ ጅቡቲ በባቡር ይኬዳል። እንደኔ ያለ ውሸትም ዛሬ የአንድ ደቂቃ ዕድሜ የለውም። ያኔ ስልክ የያዘ አንድ ልጅ ቤታችን ኖሮ ባጋለጠኝ ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ። ይኸው ዘንድሮ አለ፤ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ ነው። ደብተሩን ከእጄ ወስዶ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን የመርከቧን ስም ስልኩ ላይ ጻፈ። የፊተኞቹን ገጾች ስልኩ ላይ ካገኘው ጋር አንድ በአንድ አስተያየ። አያቱ አንድም ቀን አልተሳሳተም። ካራቺ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። እኔ ካራቺ ባስገባኋት ጊዜ እሷ ከአገልግሎት ከወጣች ዓመታት አልፈው፣ ነዳጇ ከሆዷ ወጥቶ፣ እየተቆራረጠች ነበር። አባቴ አጥሩ ሥር የቆመው ቁርጥራጭ ብረት ሲጠብቅ ነው።

ልጄ የመጨረሻውን ገጽ አነበበና ቀና አለ። "እማ፣ አያቴ ታዲያ ምኑን ነው ያየው?" አለኝ። ጠጋ ብሎ ደግሞ አየ። "ይሄ ያንቺ ጽሕፈት አይደል እንዴ?"

አፌን ከፈትኩ። ዋሽቼ ነው ማለት፤ ዛሬም የሚያስፈልገው ያው ነበር። ደብተሩን ከእጁ ተቀበልኩና ሂድ የቤት ሥራህን ሥራ አልኩት።