መርፌውና ጠበሉ

ባለፈው ሳምንት ልጄ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ልጇ የስኳር ሕመም አለበት፤ ሆዱ ላይ ተለጥፋ ኢንሱሊን የምታንጠባጥብለት ትንሽ መሣሪያ ከውጭ መጥታለታለች። መርፌዋ የገባችበት ቦታ ቀልቶ አብጧል። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው አልኳት፤ ስልኩን ስዘጋ ግን ይኸው ሕመም የነበረበት ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ትዝ አለኝ።

ጊዜው ደርግ ነው። አባታችን ዘምቷል፤ እኔ ቁስቋም ካለው ቤታችን እየተመላለስኩ የምማር ኮረዳ ነኝ። ያኔ ምን መሣሪያ አለ! አንዲት የብርጭቆ መርፌ በጣሳ እየፈላች ጧትና ማታ ጭኑን ትወጋለች። የምትወጋው እናቴ ነበረች። እጇ ሸጋ ነው፤ ልጁ እንኳ አያለቅስባትም።

ክረምት ገብቶ ፍልሰታ ሲያዝ ጭኑ አብጦ መግል ቋጠረ። ሰፈሩ የበቆሎ እሸት እየጠበሰ ያውደናል፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ውሃ ብቻ ይለምናል። ትንፋሹ የበሰበሰ የዘይቱን ፍሬ ሲሸት እናቴ አዘለችውና በዚያ ጭቃ እየተንሸራተትን ሆስፒታል ደረስን።

ሐኪሙ እባጩን ከፈተለትና መርፌውን እንዴት እንደምታዘጋጅ ጠየቃት። ነገረችው፤ ታፈላዋለች፣ ሲበርድ በጠበል ታለቀልቀዋለች፣ በስመ አብ ብላ ትወጋለች። በክረምት ጎርፍ የገባበት ውሃ ነው ልጁን የመረዘው፣ ጠበሉንም አፍዪው አላት። ጠበል እንደ ሽሮ እሳት ላይ ይጣዳል ወይ ብላ ተቆጣች። እንግዲያው ጠበሉ ይቅር ቢላት፣ ያለ ጠበል አላስወጋም አለች። እናቴን መምከር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ልጁ ግን ዓይናችን እያየ እየሄደ ነበር። ጨነቀኝ፤ ሮጬ የነፍስ አባታችንን ይዣቸው መጣሁ።

ጭኑን አይተው ወደ እናቴ ዞሩ።

«ልጄ፣ ጠበሉን አጠጪው። መርፌውን ግን ለሐኪሙ ተዪለት። ኃጢአት ከሆነም በእኔ ይሁን» አሏት።

መስቀላቸውን ተሳልማ እሺ አለች።

ቁስሉ ዳነ። ደሳለኝ ለመስቀል ችቦ ይዞ ሲሮጥ አየሁት፤ እኔ ሞኟ፣ ያለፈልን መስሎኝ ነበር። በጋ ላይ በጦርነቱ መንገድ ተዘጋና ኢንሱሊን ከሸዋ መምጣቱ ቀረ። የቀረችውን ጠብታ ብናብቃቃትም አለቀች። ወንድሜም ጥቂት ሰንብቶ ዐረፈ። ገላውን ሳጥብ ጭኑ አንዳች ቁስል አልነበረበትም።

እናቴ ግን «ልጄ የሞተው ጠበሉን ከመርፌው ስለለየሁ ነው» አለች። መድኃኒት ስለጠፋ ነው ብዬ ስንቴ ለመንኳት! የነፍስ አባቷም ነገሯት። አንገቷን ትነቀንቅና «እኔ ነኝ የገደልኩት» ትላለች። እንዲሁ እንዳለች አረጀች፣ እንዲሁ እንዳለች ሞተች።

ትናንት ልጄ መልሳ ደወለች። እብጠቱ ጎድሏል፤ መርፌዋንም በሌላ በኩል ተክለውለታል። ከዚያ ጥፋቷን ትቆጥርልኝ ጀመረች፤ ፕላስተሩን ቶሎ አልቀየርኩም፣ እጄን በደንብ አልታጠብኩ ይሆናል። አላስጨረስኳትም። እናት አንዴ ራሷን ከከሰሰች የሚፈርድላት ዳኛ እንደሌለ አውቃለሁ። ልጁ ምሳ በልቷል ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ በልቷል አለች። እንግዲያው ሂጂና አጠገቡ ተቀመጪ አልኳት።