ድሪያ አልሆነኝም ያለችው ሴት

ጅቡቲ ውስጥ አምባሮን የማታውቅ ሴት ካለች ልብስ ለብሳ አታውቅም ማለት ነው። ሱቋ ከሥጋ ተራው ጀርባ ነው፤ ጠባብ ነው፣ እሷ ስትገባበት ደግሞ ግማሹ ያልቃል። እኔ በሩ ላይ በርጩማዬን አስቀምጬ እውላለሁ። ምን ትሠሪያለሽ እንዳትሉኝ፤ ማራገቢያዋ ጥሩ ነው። ወሬም አብሮ ይመጣል እንግዲህ፣ ጆሮዬን አልደፍን ነገር።

አምባሮ የምትሸጠው ድሪያ ነው። ድሪያ ደግሞ ልክ የሚባል ነገር የለውም። ሰፊ፣ ስስ፣ መሬት የሚጠርግ ነው። ወፍራሟም ትለብሰዋለች፣ ክር የመሰለችውም ትለብሰዋለች። ድሪያ ጠበበኝ ከምትል ሰማይ ጠበበኝ ብትል ይቀላታል።

እንዲያም ሆኖ ሴቱ ይመልሳል። ለምን ብትሉ፣ ሐሙስ ይገዙታል፣ ሰርግ ይጨፍሩበታል፣ ቅዳሜ ጠዋት አጣጥፈው «አባዮ፣ አልሆነኝም» እያሉ ከች ነው። አባዮ እህቴ ማለት ነው፤ እዚህ አገር ሊያታልሉሽ ሲያስቡ እህታቸው ያደርጉሻል። አምባሮ ታዲያ አትከራከርም። ልብሱን ተቀብላ አፍንጫዋን ብብቱ ውስጥ ውሽቅ ታደርጋለች። ሴት ሰርግ ስትሄድ ልብሷን ዑንሲ በሚሉት ዕጣን ሳታጥን አትወጣም፤ ያ ጭስ ጨርቅ ውስጥ አንዴ ከገባ ባሕር ቢያጥበው አይለቅም።

«ይሄ ልብስ የማንን ሰርግ በልቶ ነው የመጣው?» ትላለች።

«ወላሂ አልለበስኩትም! ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ ተሰቅሎ ነው!»

«ሽንኩርት እንደዚህ ከሸተተ ከነገ ጀምሮ እኔም እሱኑ ነው የምቀባው» ብላ መልሳ ታስታቅፋታለች።

እውነቱን የያዘችን ግን አስከፍታ ሰዳ አታውቅም። ቀለሙ ያስጠላትን፣ እህቷ ያንኑ ገዝታ የጠበቀቻትን፣ ሰርጉ የፈረሰባትን ሁሉ ትቀይርላታለች። አፍንጫዋ ይፈርዳል፣ ልቧ ይምራል፤ እንዲህ ነች።

አንድ ጊዜ ሰዓዶ የምትባል ሴት አረንጓዴ ድሪያ ገዝታ ሄደች። ወንድሟ ሞቶ፣ ሚስቱ አራት ወር ከአሥር ቀኗን በነጭ ተቀምጣ ጨርሳለች። ቀኑ ሲሞላ ሴቶች ተሰብስበው ነጩን ያወልቁላታል፣ ባለ ቀለም ያለብሷታል፣ ሽቶ ይቀቧታል፣ ሐልዋ ይበላል። ከዚያ በኋላ ወደ ሰው ትቀላቀላለች። ሰዓዶ በሁለተኛው ቀን አረንጓዴውን ይዛ ተመለሰች።

«አልሆነኝም አለች።»

አምባሮ አሸተተች። ምንም የለውም። ብርቱካንማውን ሰጠቻት። እሱም ተመለሰ፤ እሱም አይሸትም።

«ድግሱ ሁለት ጊዜ ተሰረዘ እኮ!» አለች ሰዓዶ። «ሥጋውን ለጎረቤት አከፋፈልኩት። ሰፈሩ በሙሉ ይስቅብኛል።»

«ያቺ ሴት ልብስ ሳይሆን ሐዘኑ ነው የተመቻት» አልኩ እኔ። ምላሴን ይቁረጠው።

አምባሮ ገላመጠችኝና ሐምራዊ ድሪያ አውጥታ፣ «ይሄን ውሰጂላት። እሱም አልሆነኝም ካለች ራሷን ይዘሻት ነይ። ድሪያ የማይሆነው ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም፣ ልየው» አለቻት።

በማግሥቱ ሰዓዶ ሴትየዋን በክርኗ እየገፋች መጣች። ኤብላ ትባላለች። ሃምሳን ያለፈች፣ ቀጠን ያለች፣ ከራሷ እስከ እግሯ ነጭ በነጭ። ሐምራዊውን አጣጥፋ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች።

«አንቺ ነሽ ድሪያ የማይሆንሽ?» አለች አምባሮ ወገቧን ይዛ።

«አትቆጪኝ፣ አባዮ። ልብሶችሽ ቆንጆ ናቸው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አምባሮ ልብሱን እንደ ልማዷ ወደ አፍንጫዋ ወሰደች። ከዚያ ምን እንዳየች አላውቅም፣ ዝቅ አድርጋ የታችኛውን ጠርዝ ማገላበጥ ጀመረች። ግራ ጎኑ ተረግጧል፤ አፈር ይዟል፣ አንድ ቦታ ላይ ክሩ ተበጥሷል። ቀኙ ንጹሕ ነው። አረንጓዴውንና ብርቱካንማውንም ከመደርደሪያ አወረደች። ያው ነው፣ ግራ ግራቸው።

«ባልሽ ማን ነበር ስሙ?»

«ሮብሌ።»

«የወደቡ? ዕቃ መዛኙ?»

«አዎ። ታውቂዋለሽ?»

አምባሮ ክምር ልብስ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

ሮብሌን እንዴት አናውቀው! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኢድ በመጣ ቁጥር ለሚስቱ ድሪያ የሚገዛው ከዚህ ነበር። ከገዛ በኋላ ግራውን ጠርዝ ይይዝና ሁለት ጣቱን አጋድሞ፣ «ከዚህ በኩል ይሄን ያህል አሳጥሪልኝ» ይላል። አምባሮ በእጇ ሰፍታ እስክትጨርስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። «ቤትህ ዳገት ላይ ነው እንዴ?» እለው ነበር። «ቤቴስ ደልዳላ ነው፣ አዬዮ፣ ቁልቁለቱ ያንቺ ምላስ ነው» ይለኛል። አዬዮ አያቴ ማለቱ ነው፣ ባለጌ፣ እኩያዬ ሆኖ! ያለፈው ኢድ ሳይመጣ ቀረ። እኔ፣ ሌላ ሱቅ ለምዶ ነው አልኳት። አምባሮም ከልቧ ተቀየመችው። ለካ የሞተን ሰው ነው ስናኮርፍ የከረምነው።

«ምኑ ነው ያልሆነሽ?» አለች አምባሮ፣ ድምጿን አለስልሳ።

ኤብላ ሰዓዶን አየት አደረገቻትና አንገቷን ደፋች። «ልጅ ሆኜ አነክስ ነበር። ግራ እግሬ ትንሽ ያጥራል። ልጆቹ ከኋላዬ እየተከተሉ ያስመስሉኝ ነበር። ሮብሌን ካገባሁ በኋላ ተወኝ። ‹እዪ፣ ልብስሽ አይጎተትም፣ አትረግጪውም፣ ድነሻል› ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ ረግጬ አላውቅም። እሱ ሲሞት ተመለሰብኝ። ሻጥ አድርጌ እይዘዋለሁ ብል ጨርቁ ሙልጭ እያለ ያመልጠኛል። ይሄ ነጩ፣ እሱ የገዛልኝ፣ ደህና ነው። አዲስ ስለብስ ግን ያው እንደ ልጅነቴ... ያን ሁሉ ሴት ፊት እያነከስኩ ልግባ? በነጬ ብቀመጥ ይሻለኛል።»

ሰዓዶ አፏን በመዳፏ ያዘች። ይሄን ሰምታ አታውቅም። እኔ ደግሞ ልፈነዳ ደርሻለሁ፤ «እንዴ፣ እሱ እኮ...» ስል አምባሮ ጭኔን መዘለገችኝ፤ ሳምንት ጠቁሮ ነበር።

«ከሰዓት በኋላ የዐሥርን ሶላት ሰግደሽ ነይ» አለቻት። «አሠራሩ ሌላ የሆነ ድሪያ አለኝ።»

እኩለ ቀን ላይ ጫት ገባና ሰው ሁሉ ሊቅም ሄዶ ገበያው ጭር አለ። አምባሮ በሩን ገርበብ አድርጋ ሐምራዊውን ጭኗ ላይ ዘረጋች፣ መርፌ አወጣች።

«ንገሪያት እንጂ!» አልኳት።

«ሮብሌ ሚስቴ እንዳትሰማ ብሎኛል።»

«እሱ ሞቷል። የሞተ ሰው ምን ያደርግሻል?»

«ምንም» አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ለዚያ ነው የማልነግራት።»

ዐሥር ሰግደው መጡ። ኤብላ መጋረጃው ውስጥ ገብታ ለብሳ ወጣች። እስከ በሩ ሄደች። ተመለሰች። እንደገና ሄደች። ምንም አልተጎተተም። ሰዓዶ እልል ልትል ስትል ኤብላ ጎንበስ ብላ ጠርዙን ገለበጠችው። ሴት ልብስ ስትገዛ ስፌት ሳታይ አትተውም፣ አምባሮ እንዴት እንደ ረሳችው እንጃ።

ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይሄ ስፌት ቤቴ ሞልቷል» አለች። «ልብሶቼ ሁሉ ላይ አለ፣ በግራ በኩል። ከዱባይ እንዲህ ተሰፍቶ የሚመጣ ነበር የሚመስለኝ።»

አምባሮ ጨርቅ ማጣጠፍ ጀመረች። ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር፣ እሱ ተናገረባት።

«ስንት ዓመት?»

«ሃያ ሁለት።»

«ሌባ!» አለች ኤብላ። «አንተ ሌባ! ድነሻል ይለኛል! በየኢዱ እየመጣ ያሳጥራል፣ እኔን ድነሻል ይለኛል!» ትስቃለች ስል ታለቅሳለች፣ ታለቅሳለች ስል ትስቃለች። ሰዓዶ ልትይዛት ብትል እጇን መታ አደረገቻት። ከዚያ መጋረጃው ውስጥ ገብታ፣ ነጩን መልሳ ለብሳ፣ ሐምራዊውን ለአምባሮ ዘረጋችላት።

«ፍቺው።»

አለቀ፣ በነጭ ልትቀር ነው አልኩ።

«አባዮ፣ ተይ» አለች አምባሮ። «ለክፉ ብሎ አይደለም እኮ።»

«ፍቺው አልኩሽ። በማን ጣት ለካሽው?»

«በእሱ... እሱ በሚያሳየኝ ልክ። ሁለት ጣት።»

«የሱ ጣት የመርከብ ገመድ ነበር የሚያክለው» አለች ኤብላ አፍንጫዋን እየጠረገች። ጠርዙን ይዛ የራሷን ጣቶች አጋደመችበት። ሁለቱ አልደረሱም። ሦስተኛውን ጨመረች። «በኔ ሦስት ነው። መርፌውን ስጪኝ።»

አምባሮ የራሷን ስፌት ፈታች፣ እኔ በርጩማዬን ለኤብላ ለቀቅኩላት። እኔ በርጩማዬን ለሚኒስትርም አልለቅ! ሰፋች። አንዱ ጥልፍ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ እንደ ሰካራም ይዞራል።

«ይሄ ስፌት ነው ወይስ የጉንዳን መንገድ?» አልኳት።

«ዝም በይ፣ አዬዮ» አለችኝ፣ ሳትቆጣ።

ዓርብ ድግሱ ሆነ፣ እኔም በላሁ። ነጩን አወለቁላት፣ ሐምራዊውን ለብሳ ከውስጥ ክፍል ወጣች፤ ሴቱ ሁሉ እልል አለ። ከመካከላቸው አንዷ ዓይነ ስል ግን ጠርዙን አየችና፣ «አባዮ፣ ግራው ተበላሽቶብሻል፣ ይሄን ልብስ ለሻጭዋ መልሺላት» አለቻት።

«አልመልስም» አለች ኤብላ። «እኔ ነኝ የሰፋሁት። ግራ እግሬ ያጥራል።» እንዲህ ብላ ሐልዋውን አንስታ፣ እያነከሰች፣ ለሴቱ ማደል ጀመረች።