ሰይድ እምቢ ያላቸው ዘንጎች

በሰመራና በሎጊያ ለምትኖሩ ወላጆች፣ እንዲሁም ሰይድን ከአዋሽ ዘመኑ ጀምሮ ለምታውቁት ወዳጆች፤

ይህን የምጽፍላችሁ ስለ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ መካኒኩ ወንድማችን ሰይድ ዛሬ ጠዋት ማረፉን ላረዳችሁ ነው። ሁለተኛው፣ ነገ ለዒድ በሚከፈተው መናፈሻ ልጆቻችሁን በትንንሾቹ መኪኖች ላይ እንዳታስቀምጡ ልማጸናችሁ ነው።

ጆሮዬ ሰምቷል፤ ልቤ ግን እስካሁን አልተቀበለም። ትናንት በደጄ ሲያልፍ «የኔታ፣ ለዒድ ቤቴ ነዎት። ለእርስዎ የጾም ይሠራል፣ ምክንያት የለዎትም» ብሎኝ ነበር።

ያረዳኝ ጎረቤቴ አሊ ነው። አሊ አፋር ነው፤ በዳጉ ሥርዓታቸው ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል። ሁልጊዜ ከዝናብና ከግጦሽ ይጀምራል። ዛሬ ግን ዝናብም ግጦሽም ሳያነሣ በሩን ይዞ ቆመ።

«ምን አየህ?» አልሁት።

«የኔታ፣ ተቀመጥ መጀመሪያ» አለኝ።

ሰይድን ያወቅሁት አዋሽ ሳስተምር ነው። ከወሎ መጥቶ ባቡር ጣቢያው አጠገብ በነበረ ጋራዥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። እኔ ከቅኔ ቤት፣ እሱ ከመድረሳ የወጣን ነንና ክርክራችን ማለቂያ አልነበረውም። በኋላ እኔ ወደ ሰመራ ተዛወርሁ፤ እሱም ሎጊያ ላይ የራሱን ጋራዥ ከፈተ።

ባለፈው ክረምት ጎርፍ የመናፈሻውን መጋዘን አጥለቀለቀው። ጎካርት የሚሏቸው፣ ልጆች ተቀምጠው የሚነዷቸው ትንንሽ መኪኖች ጭቃ ውስጥ ሰንብተው ወጡ። የመናፈሻው ባለቤት ለሰይድ አመጣቸው። ልጠይቀው ብሄድ ካቴናው፣ ኩሽኔታው፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዘንግ ሁሉ በሸራ ላይ ተዘርግቷል፤ ዝገቱ የደረቀ ደም ይመስላል።

«ይህ ሁሉ ምን ሊሆን ነው?»

«ይነሣላ፣ የኔታ።»

«ሙት ማስነሣት የአንተ ሥራ አይደለም።»

«አስተግፊሩላህ፣ እኔ የማስነሣው ካቴና ነው። ለሙታኑማ እርስዎ አሉ።»

የዚህ አገር ጎርፍ ጨው አለበት፤ ከደረቀም በኋላ ብረት መብላቱን አይተውም። ሰይድ ካቴናዎቹን በናፍጣ ዘፈዘፈ፤ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጣቱ እያጠፈና እየዘረጋ አፍታታ። ኩሽኔታዎቹን አጥቦ ግራሶ ሞላባቸው።

ዘንጎቹን የሚመረምረው ግን በሌላ መንገድ ነበር። አንድ በአንድ በገመድ አንጠልጥሎ በትንሽ መዶሻ መታ ያደርግና «በል፣ ዳጉህን ንገረኝ» ይለዋል። ደኅናው እንደ ቃጭል ይጮኻል። ውስጡ የተሰነጠቀው ድም ብሎ ይቀራል። ድም ያለውን ወደ ጎን ያስቀምጥና የዘወትር ቃሉን ይናገራል፦ «ብረት ይዝጋል እንጂ አይዋሽም፤ የሚዋሸው ቀቢው ነው።»

ባለቤቱ የተለዩትን ባየ ጊዜ ሣቀ። «ሰይዴ፣ ለልጅ መጫወቻ ይኼን ያህል?»

«መጫወቻው ላይ የሚቀመጠው መጫወቻ አይደለም። አዲስ ይምጣ፤ እነዚህን አልገጥምም።»

አዲስ አልመጣም። ባለቤቱ እምቢ የተባሉትን ዘንጎች ጭኖ ሄደ፤ ሌላ ቦታ ስንጥቃቸውን አስበይዶ አስገጠማቸው። ከዚያም ሰይድ አክሞ ካስረከባቸው ጋር ቀላቅሎ ሁሉንም አንድ ዓይነት ቀይ ቀለም አስቀባቸው። ቀለም የለበሰና ከመኪናው ጋር የታሰረ ዘንግ ቢመቱት አይናገርም።

ሰይድ ይህን የሰማው ዛሬ ማለዳ ነው። ወዲያው ወደ መናፈሻው ሄደ፤ አሊም አብሮት ነበር። ፈትታችሁ አሳዩኝ አላቸው። ጊዜ የለም አሉት። «እንግዲያው ከልጆቹ በፊት እኔ እነዳቸዋለሁ» አለና በመጀመሪያዋ ተቀመጠ። በደኅና ተመለሰች። ቀጥሎ የነዳትም ተመለሰች። ከዚያ በኋላ የተቀመጠባት ግን መታጠፊያው ላይ ዘንጓ ተሰበረ፤ ጎማዋ ወልቆ ከሲሚንቶው ምሰሶ ጋር አላተመችው። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ።

አሊ የተሰበረውን ዘንግ በእጁ አንሥቶ አይቶታል። ከውጭ ቀይ፣ ከውስጥ ጥቁር ነው አለኝ።

ወላጆች ሆይ፣ የቀሩት መኪኖች አልተሞከሩም። የትኞቹ ሰይድ እምቢ ያላቸውን ዘንጎች እንደ ተሸከሙ ዛሬ ማንም አያውቅም። ሁሉም ተፈትተው፣ ቀለማቸው ተልጦ እስኪታይ ድረስ በአንዳቸውም ላይ ልጅ አይቀመጥ። ልጅ ያለቅሳል፣ በዓል ነው ይላል። ያልቅስ።

ስንፍናን ሰው ይቅር ሊል ይችላል። በልጅ ነፍስ ላይ የተቀባ ቀለም ግን ሐሰት ብቻ አይደለም፤ አድብቶ መግደል ነው። ይህን የምናገረው በሹክሹክታ አይደለም፤ በስሜ፣ በአደባባይ ነው።

ሰይድ ሆይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳበቃ አፈር አልብሰንህ ተመለስን። ሰዎችህ ዱዓ ሲያደርጉ እኔም በዳር ቆሜ በማውቀው ጸሎት ተሰናበትሁህ፤ ሰሚው አንድ ነው። ክርክራችንን ሳንጨርስ ቀደምኸኝ። በሰላም እረፍ፣ ወንድሜ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርህ አልቀርም። ከመቃብርህ በቀጥታ ወደ መናፈሻው ሄጄ በሩ ለነገ እንዳይከፈት ባለቤቱን ለመንሁት። የበዓል መብራት እያሰቀለ ነበር። ቃል በቃል የመለሰልኝ ይህን ነው፦

«የኔታ፣ የተሰበረችው አንዷ ናት፤ እሷን አውጥተናታል። እርስዎም ነገ የልጅ ልጆችዎን ይዘው ይምጡ።»