አማካሪዬና «ምነው?»

አምና የደረሰብኝ ነው፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን ያስቀኛል። ያደግሁት አዳማ ነው። ጎንደር፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህርት ሆኜ በተቀጠርኩ በዓመቱ፣ በፍየል በሽታ ላይ የመጀመሪያ ጥናቴን ስጀምር፣ ዶክተር አዳነ የሚባሉ አንጋፋ ተመራማሪ አማካሪ ሆኑልኝ። የአዲ አርቃይ ሰው ናቸው፤ ዝምተኛ።

ረቂቄን ስልክላቸው በአንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን አንዲት ቃል ጽፈው ይመልሱልኛል፤ «ምነው?» በቃ፣ ሌላ የለም! እኔን ሰው «ምነው?» የሚለኝ ሳጠፋ ነው፤ ምን ነካሽ ለማለት። ሰውየው ጠምደውኛል አልኩ። ቃሏ ያረፈችበትን ሁሉ እየሰረዝኩ እመልሳለሁ፤ እሳቸው በቀረው ላይ ይጽፋሉ። ጥናቴ እንደ ሳሙና እያለቀ ሄደ። በመጨረሻ አማካሪ ይቀየርልኝ ልል ወሰንኩ፤ እምቢ ካሉኝ ሥራውንም ትቼ አዳማ ልገባ።

የተያዘ የመስክ ሥራ ስለነበር ግን አብረን አዲ አርቃይ ወረድን። አያ ይርሳው የሚባሉ ገበሬ ፍየላቸውን ይዘውልኝ ደም ልቀዳ መርፌ ሳስገባ፣ «ልጄ፣ ምነው ከአንገቷ ትቀጃለሽ?» አሉኝ።

ክው አልኩ። መርፌውን ነቅዬ፣ «ይቅርታ አያ፣ በእግዜር!»

«ኧረ የምን ይቅርታ? ጠየቅሁሽ እንጂ ተቆጣሁሽ?»

ዶክተር አዳነ ሳቁ። «ለምን ማለታቸው ነው። እኛ አገር እንዲህ ነው የሚባለው።»

«እና እርስዎ ጽሑፌ ላይ የሚጽፉት?»

«ለምን እንደዚያ እንዳልሽ ልጠይቅሽ ነዋ! ምን መስሎሽ ነበር?»

«ቁጣ» አልኩ። እንባዬ መጣ።

ሳቃቸው ጠፋ። «ወይ ጉድ! እኔ ደግሞ መልስ ስትነፍጊኝ፣ ናቀችኝ ብዬ ለባለቤቴ ሳይቀር ነግሬያለሁ። የጠየቅሁሽ እኮ የወደድኩትን እየመረጥኩ ነው። አንቺ ሰረዝሽው!»

አያ ይርሳው ሁለታችንንም አየት አድርገው፣ «ፍየሏን ልልቀቃት ወይስ ልያዛት?» አሉ።

ስንመለስ ሊማሊሞን እስክንወጣ ድረስ አፌ አልተዘጋም። የሰረዝኩትን ሁሉ በቃሌ ነገርኳቸው፤ እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ እመልሳለሁ። ደባርቅ ስንደርስ ሹፌሩ ራሱ ስለ ፍየል በሽታ ይከራከረን ጀመር።

ጥናቱ ዘንድሮ አለቀ፤ ሁለተኛውንም አብረን ጀምረናል። አሁን ረቂቅ ይዤ ቢሯቸው ስገባ ደስ እያለኝ ነው። አያ ይርሳው ያን ቀን ፍየላቸውን ዝም ብለው ይዘውልኝ ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ አዳማ ነበርኩ፤ ዶክተርም እንዳዘኑብኝ ይቀሩ ነበር። እግዜር ይስጣቸው፣ ጠየቁኝ።