ዳማው የሚቆምባት ሱቅ

ዳንግላ ውስጥ ጋሪ የሚነዳ ሰው ዳገት ላይ ከጋሪው ይወርዳል። መጀመሪያ ባለጋሪው፣ ከዚያ ተሳፋሪው። ፈረሱ ጭነት እየጎተተ እሱ ጋሪው ላይ ተቀምጦ አለንጋ የሚያነሳ ሰው እኛ ዘንድ አይከበርም። ወጣት ሳለሁ እንዲህ ያለውን ሰው በአደባባይ ሰድቤ አውቃለሁ። ስልሳ አምስት ሲሞላኝ ግን ያ ሰው እኔው ራሴ ሆንኩ። ተሳፋሪዎቼ ወርደው ሲገፉ እኔ ተቀምጬ አስላለሁ። አፍሬያለሁ፤ ብወርድ ግን ሃያ እርምጃ አልሄድም ነበር።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሳንባዬን የጎዳው ሲጋራው መሆኑን ነገረችኝ። የጠዋት ብርድ ለመርሳት ብዬ የጀመርኩት ነው፤ ብርዱም አልቀረ፣ ሲጋራውም አልቀረ። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠችኝና "አባባ፣ ሲጋራውን ይተዉ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ በእግርዎ ይሂዱ። ትንፋሽ ሲያጥርዎ በአፍንጫዎ ይሳቡ፣ ከንፈርዎን ሰብሰብ አድርገው ቀስ ብለው ያውጡት" አለችኝ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ "ተውኩት" አልኳት። ውሸቴን ነበር።

ያጋለጠኝ ዳማው ፈረሴ ነው። አንድ የገበያ ቀን ባለቤቴን ከነድንቿ ጭኜ ስሄድ፣ ዳገቱ መሀል ካለችው ሱቅ ስንደርስ ማንም ሳያዘው ቀጥ ብሎ ቆመ። ብቆጣው ንቅንቅ አላለም። ባለሱቋ ደግሞ እንደ ወትሮዋ አንድ ፍሬ ሲጋራና ክብሪት ይዛ ብቅ አለች። ባለቤቴን ስታይ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች፤ ምን ዋጋ አለው!

ባለቤቴ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ፈረሱ ከአንተ ይሻላል፤ እሱ አይዋሽም" አለች። "እስከ ጥር ድረስ ይህን ዳገት በእግርህ ካልወጣህ ጋሪው ይሸጣል። አንተን ቀብሬ ጋሪ ምን ይሠራልኛል?"

በጣም ተናደድኩ። ሠላሳ ዓመት ያበላን ጋሪ እኮ ነው! ንዴቱ ሲበርድልኝ ግን ፍርሃት መጣ። ያለ ጋሪ፣ ያለ ዳማው፣ ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ ታየኝ። ኪሴ ውስጥ የቀሩትን ሲጋራዎች ጭቃ ላይ ጥዬ ረገጥኳቸው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከሰው ሁሉ ስጣላ ከረምኩ። ዳገቱን በመብራት ምሰሶ ከፋፈልኩት፤ አንድ ምሰሶ ሄዶ ማረፍ፣ ከዚያ ሁለት። ዳማው ሱቋ ጋ መቆሙን አልተወም። መጀመሪያ ሰደብኩት። ኋላ ግን እሱ ሲቆም እኔም ጋሪውን ተደግፌ፣ ነርሷ እንዳስተማረችኝ መተንፈስ ጀመርኩ። ለሲጋራ ያስለመድኩት ማረፊያ ለሳንባዬ ዋለ።

ጥር ሲገባ ባለቤቴ ድንቿን ጭና እንደገና ተሳፈረች። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ቀድሜያት ወረድኩ። እሷም ወርዳ ከኋላ ተከተለችን፤ ዓይኗ ጀርባዬ ላይ እንደነበረ ሳልዞር አውቃለሁ። ሱቋ ጋ ዳማው ቆመ። ባለሱቋ በባዶ እጇ ሰላም አለችን። ሦስት ጊዜ ቀስ ብዬ ተነፈስኩና "በል እንሂድ" አልኩት።

አናቱ ላይ ልደርስ ስል ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

"አንተ ሰውዬ፣ ቆይ እንጂ! ትንሽ ልተንፍስ!"

ባለቤቴ ወገቧን ይዛ ቆማ ትስቃለች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ልጓሙን ይዤ እስክትደርስ ጠበቅኋት።